ልጄ ጥንብ አንሳ መቁጠር የጀመረች ጊዜ

ነገሩ የተጀመረው በቤት ሥራ ነው። ሚጣ ሁለተኛ ክፍል እያለች አንድ ሐሙስ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ብርቅዬ የዱር እንስሳትን ሥዕል ለጥፋችሁ አምጡ» ይላል። ሰዓቱ አንድ ተኩል ሆኗል። ተማሪ ልጅ ያለው ሰው ይህችን ሰዓት ያውቃታል። ታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳና ደጋ አጋዘን በከለር አስወጣሁ። ቆርጠን ለጠፍን። ስማቸውን በቃሏ ሸመደደች። አሥር ከአሥር አገኘች።

ከሳምንት በኋላ «ዋልያ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ብሔራዊ ቡድን» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ ቡድኑም ዋልያ ነው የሚባለው። ግን እንስሳው ከአእምሮዋ ጠፍቷል። እኔም እልህ ያዘኝ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሁሉንም ነገር በአንዴ ዘረገፍኩላት። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም 500 ገደማ ብቻ እንደቀረ፣ እሱም እኛው አገር ብቻ እንዳለ። ዋልያ ከስሜን ተራሮች ውጪ በዱር የትም እንደማይገኝ። ሰው ካልጠበቃቸው እንደሚያልቁ። ጭጭ ብላ ሰማችኝ። እኔም «ዛሬ ገባት» ብዬ ደስ አለኝ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያለቀሰች አልጋዬ ውስጥ ገባች። «እማዬ፣ የመጨረሻው ቀበሮ ብቻውን ሲቀር ከማን ጋር ይጫወታል?»

ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። «ተኚ፣ አይቀርም» አልኳት። እኔ ራሴ ሳልተኛ ነጋ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። መምህርም የዱር እንስሳት ባለሙያም አይደለሁም፤ ቢሮ ውዬ የምገባ እናት ነኝ። መኖሪያችን ቄራ አቅራቢያ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤታችን ውስጥ ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ልንገራችሁ፤ ምናልባት እናንተም ጋ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያለቅስ ልጅ ይኖራል።

መጀመሪያ የሠራልን የእናቴ የኒዶ ቆርቆሮ ነው። እማማ በአሁኑ ጊዜ የማይገዛባቸውን ሳንቲሞች ሁሉ እዚያ ታጠራቅማለች። ሚጣ አንድ ቀን ወለል ላይ ደፍታ ስትጫወት፣ ቢጫዋን አሥር ሳንቲም አንስታ «ይሄ የለጠፍነው አይደል?» አለች። አየሁት። በአንዱ ፊት የአንበሳ ራስ አለ። በሌላው ደጋ አጋዘን። ዓመተ ምሕረቱ በግዕዝ ቁጥር ተጽፏል፣ ፲፱፻፷፱። ዕድሜዬን ሙሉ ታክሲ የተሳፈርኩበት፣ ማስቲካ የገዛሁበት ሳንቲም ነው። አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁትም።

ከዚያ በኋላ ስለ ደጋ አጋዘን ማውራት ቀለለ። እጇ ላይ ነው ያለው። ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉ ደጋዎች ብቻ፣ በተለይ በአርሲና በባሌ እንደሚኖር ነገርኳት። የውጭ ሳይንቲስቶች ስም ያወጡለት በፈረንጆች በ1910 መሆኑንም ጨመርኩ። «የባሌ ሰዎች ግን ድሮም ያውቁታል አይደል?» አለች። አዎ፣ ያውቁታል። ሳንቲሟን እስካሁን ደብተር መያዣዋ ውስጥ ይዛ ትዞራለች።

ሁለተኛው ነገር ቃል ነው። መጽሐፉም፣ ቴሌቪዥኑም፣ እኛም «ብርቅዬ» እንላለን። ልጅ ግን «ብርቅዬ» ሲባል የሚሰማው ውድ፣ ቆንጆ፣ በቀላሉ የማይገኝ ነገር ነው። ስለዚህ ብርቅዬ ሁሉ ሊጠፋ የደረሰ፣ ብርቅዬ ያልተባለው ደግሞ ሞልቶ የተረፈ ይመስለዋል። እኔም ያደግኩት እንደዚያ እየመሰለኝ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፤ መጽሐፉ ብርቅዬ የሚለው ከእኛ አገር ውጪ የማይገኘውን ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም፣ ብርቅዬ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ሣር እየነጨ በመንጋ ይውላል፣ እንደ ዋልያ የሚያሳስብ አይደለም። እዚሁ አዲስ አበባ የቆሻሻ ገንዳ ላይ የሚጮኸው፣ አፉ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ ከእኛና ከጥቂት ጎረቤቶቻችን በቀር ሌላው ዓለም የለውም። ፈረንጆች እሱን ለማየት አውሮፕላን ይሳፈራሉ። እኛ ድንጋይ እንወረውርበታለን።

የባሰው ደግሞ ከዚያ ቁራ በላይ እየበረረ ነበር።

የእኛ መስኮት ወደ ቄራ ነው የሚያየው። ከብት በሚታረድበት ሠፈር ሰማዩ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እማማ «ሁሉም አሞራ ነው» ብላ ትገላገላለች፤ ወንጌል ላይ ያለችውንም የበድንና የአሞራ ነገር ታነሳለች። አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ፣ ወፍ ማየት የሚወድ ነው፣ ምሳ ላይ በጨዋታ መሃል «እናንተ ሠፈርኮ በዓለም ደረጃ ከጥፋት አፋፍ ላይ የደረሱ ወፎች ነው ያላችሁ» አለኝ። ሳቅኩ። ጥንብ አንሳ? በእኛ አገር ስድብ ነው እኮ!

ግን እውነት ነው። እዚህ ከሚታዩት ጥንብ አንሳዎች ሦስቱ ዓይነቶች በ2015 በፈረንጆች፣ ከመጥፋት በፊት ባለው የመጨረሻ ደረጃ ላይ ተመዝግበዋል። አንደኛዋ ትንሿ ናት፣ ቡናማ፣ ፊቷ ላባ የሌለውና ቀላ ያለ፣ ከኋላ ቆብ የደፋች የምትመስል። ሁለተኛው ትልቁ፣ ሲያድግ ጀርባው ነጭ የሚሆነው ነው። ሦስተኛው ላባው ዳር ዳሩን ነጣ ብሎ የዓሣ ቅርፊት የሚመስለው። ብርቅዬ አይደሉም፤ ሌላም የአፍሪካ አገር አሉ። በየአገሩ ግን እያለቁ ነው። የጥንብ አንሳ እናት አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለውም አንድ እንቁላል ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ አይተኩም።

ለሚጣ ይህን ስነግራት አላለቀሰችም። ሮጣ ወደ መስኮቱ ሄደች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው የገባኝ። ቀይ ቀበሮን ስነግራት የምትሄድበት መስኮት አልነበራትም።

ቆጠራ የጀመርነው በማግስቱ ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ቀን ከሸፈ። «ወፍ በማለዳ ነው» ብዬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀሰቀስኳት፤ ሰማዩ ላይ ከእርግብ በቀር ምንም የለም። በብርድ ተንቀጠቀጥን፣ ተኮራረፍን። የቢሮው ልጅ ሳቀብኝ። ጥንብ አንሳ ከባድ ነው፣ ክንፉን እያርገበገበ መዋል አይችልም። መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት ሲጀምር ነው እሱም የሚነሳው። አሁን የምንቆጥረው ከጠዋቱ ሦስት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ባለው ነው። ቁርስም ተበልቶ ያልቃል፣ ማንም አይቀሰቀስም።

አቆጣጠራችን ቀላል ነው። ሩብ ሰዓት እናያለን። አንዱን ሁለቴ እንዳንቆጥር፣ በአንድ ጊዜ ዓይናችን ውስጥ የገባውን ትልቁን ቁጥር ብቻ እንጽፋለን። ከጭልፊት ጋር ላለመምታታት ጅራት እናያለን። ጭልፊት ጅራቱ እንደ መቀስ ሰንጠቅ ያለ ነው፣ ያን እያጣመመ ይዞራል። ከሕፃን እጅ ላይ ዳቦ የሚነጥቀው እሱ ነው። ጥንብ አንሳ ጅራቱ አጭር፣ ክንፉ ሰፊ ነው፤ እንደ ሳንቃ ዘርግቶት ይንሳፈፋል። እግሩ ረጅም ሆኖ አንገቱ ላይ ከረጢት ካንጠለጠለ ደግሞ አባ ኮዳ ነው። እሱ ጥንብ አንሳ አይደለም፣ ግን ማዕዱ አንድ ነው። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ካልለየን «ትልቅ» ወይም «ትንሽ» ብለን እንተወዋለን። ልጅን በስም አታስጨንቁ።

ደብተሩን አንድ ቀን ብታዩት ትወዱታላችሁ። «ቅዳሜ። ፀሐይ። ትንሽ 9። ትልቅ 4። አባ ኮዳ 1፣ ቆሞ። እማማ ተቆጥታለች።»

እማማ ለምን ትቆጣለች? አሞራ የሚያይ ቤት ክፉ ያገኘዋል ትላለች። እኔ ልከራከራት አልሞከርኩም። ሚጣ ናት የረታቻት። የእማማ አባት ከብት አርቢ ነበሩ፣ አባ ሰንጋ የገባበትን ቤት በልጅነቷ አይታለች። ሚጣ «የጥንብ አንሳ ሆድ አሲዱ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ አባ ሰንጋን ይፈጫል» ብላ ነገረቻት። እማማ መቁጠሪያዋን አስቀምጣ «አባ ሰንጋን?» አለች። «እንግዲህ ይብላ!» አለች ቀጥላ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ክፉ ዕድል አታነሳም።

በዚሁ ሰሞን አንድ ጉድ ሆነ። ሚጣ «ለምንድን ነው የሚያልቁት?» ብላ ወጥራ ያዘችኝ። ከሕንድ የሆነውን ታሪክ ነገርኳት። እዚያ በ1990ዎቹ በፈረንጆች ጥንብ አንሳ በሚሊዮን ይሞት ጀመር። ዋና ዋናዎቹ ዓይነቶች ከመቶ ከዘጠና አምስት በላይ አለቁ። ምክንያቱ ለዓመታት ጠፋ። በኋላ ሲደረስበት ዳይክሎፌናክ ሆኖ ተገኘ፣ ለከብት የሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ። መድኃኒቱን የወሰደች ላም ስትሞት ጥንብ አንሳው ይበላታል፣ ኩላሊቱ ይበላሽና እሱም ይሞታል። ሬሳ የሚያነሳ ሲጠፋ ውሻ በዛ፣ የእብድ ውሻ በሽታም ስጋቱ ጨመረ። በ2006 በፈረንጆች ለከብት እንዳይሰጥ ከለከሉት።

ይህን በነገርኳት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከእማማ ክፍል ጩኸት ሰማሁ። ለካ እማማ ወገቧን ስትታመም የምትቀባው ቅባት ላይ ዳይክሎፌናክ ተብሎ ተጽፏል። ሚጣ ቱቦውን ነጥቃ ሽንት ቤት ገብታ ዘግታለች። «ጥንብ አንሳ ልትገይ ነው!» ትላለች። እማማ በበኩሏ «ወገቤን!» ትላለች።

በሩ ሥር ተቀምጬ ማስረዳት ነበረብኝ። እማማን ጥንብ አንሳ አይበላትም። ችግሩ ለከብት ሲሰጥ ነው፣ ለሰው መድኃኒት ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ቱቦው በበሩ ሥር ተንሸራቶ ወጣ። ከዚህ የተማርኩትን በቀጥታ ልንገራችሁ፦ መርዝና መድኃኒት ላይ ስትደርሱ ለማን፣ እንዴት የሚለውን አብራችሁ ተናገሩ። ልጅ የሰማውን ወዲያው ሥራ ላይ ያውላል።

በአፍሪካ ደግሞ ትልቁ ገዳይ መርዝ ነው። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ይጣላል፤ መርዙ ማንን እንደሚገድል አይመርጥም። አንድ ሬሳ ላይ ብዙ ጥንብ አንሳ ስለሚሰበሰብ በአንዴ ብዙ ይሞታል። ይህን ክፍል ለሚጣ ያወራሁላት በቀን ነው። ከእንግዲህ አሳዛኝ ነገር ማታ አይወራም፣ ቤታችን የወጣ ሕግ ነው። አሳዛኝ ነገር ከተወራም በዚያው ቀን በእጇ የምትሠራው አንድ ነገር አብሮ መኖር አለበት።

በእጅ የሚሠራውን ነገር ያገኘነው ከቡቺ ነው። ቡቺ የግቢያችን ውሻ ነው፣ የማንም አይደለም፣ የሁሉም ነው። ስለ ቀይ ቀበሮ ስናነብ ትልቁ ጠላቱ አዳኝ ሳይሆን የውሻ በሽታ እንደሆነ አገኘን። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቀበሮ ያለው ባሌ ነው። እረኞች ውሻ ይዘው ወደ ደጋው ይወጣሉ፣ ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ካለበት ቀበሮው ይያዛል። በ2003 በፈረንጆች በባሌ ዌብ ሸለቆ በዚህ በሽታ ከአራት ቀበሮ ሦስቱ ያህል አልቋል። ስለዚህ እዚያ ለዓመታት የገበሬውን ውሻ ሲከትቡ ኖረዋል። በፈረንጆች ከ2018 ወዲህ ደግሞ ለቀበሮው ራሱ ክትባት በሥጋ ውስጥ ደብቀው ይጥሉለታል። ሚጣ ይህችን ስትሰማ ተነስታ ዘለለች። «እንደ እኔ መድኃኒት! በማር!»

ከዚያ «ቡቺን ብናስከትበው ቀበሮው ይድናል?» አለችኝ። አዎ ማለት ይቀል ነበር። አልዋሸኋትም። ቡቺ ባሌ አይሄድም። ግን የባሌ ልጆች ለውሻቸው የሚያደርጉትን ነው አንቺም የምታደርጊው፣ ደግሞም አንቺንና ጓደኞችሽን ይጠብቃል አልኳት። በቃት።

መጀመሪያ የሄድንበት የእንስሳት ክሊኒክ ክትባት አልቋል አሉን። ደውዬ ብጠይቅ ኖሮ አንለፋም ነበር፤ እናንተ ደውሉ። በሁለተኛው ቀን የግቢው ጥበቃ ጋሼ ገመድ አስረው ይዘውልን ሲሄዱ፣ ሉካንዳ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ገመዱ ተበጠሰ። ቡቺ ገባ። የሆነውን አላብራራም፣ ግማሽ ኪሎ የጎድን ሥጋ ከፍያለሁ። በሦስተኛው ተሳካ። የክትባት ወረቀቱ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል፣ በየዓመቱ እንደሚታደስም ሚጣ በቀይ ጽፋበታለች። መቼስ ስለ ውሻ ካነሳሁ አይቀር፦ ልጅ ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥባችሁ፣ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ትንሽ ጭረት ናት ብሎ መተው የለም።

ዛፍም ሞክረናል። እሱ ገና ነው። ክረምት ላይ ከአንድ ችግኝ ሻጭ «የሀበሻ ጽድ» ብዬ የገዛሁት የፈረንጅ ጽድ ሆኖ ተገኘ። ችግኝ ሆነው ሲታዩ ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው አይለዩም። ሲያፈሩ ግን ልጅም ይለያቸዋል፦ የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የደረቀ ድቡልቡል ነው፣ የሀበሻው ለስላሳ፣ ትንሽ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሄድ። ሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያረጁ ጽድና ወይራ አሉ። ከተማው ውስጥ አገር በቀል ዛፍ ለልጅ ማሳየት የፈለገ ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ አያገኝም። ሚጣ ከሥሩ የወደቀ ፍሬ ለቅማ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ዘራችው። ከሃያው ፍሬ ሦስቱ በቅለዋል። ሌላው ምን እንደሚጠብቅ እንጃ።

አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ወዳለው የእንስሳት ሙዚየምም ወስጃታለሁ። ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል፣ ዝም ብሎ መሄድ አይደለም። ሌላው ልጅ አውሬ አውሬውን ሲያይ የእኔዋ በቀጥታ ወደ ወፎቹ ሄደች። በቅርብ ስታየው ጥንብ አንሳ ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ደነገጠች። መስታወቱን በእጇ ጋርዳ ለረጅም ጊዜ ቆመች። «ሩቅ ስለሆኑ ነው ለካ ትንሽ የሚመስሉት» አለች።

ወደ ታረዱ ከብቶች ቦታ ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ ለማየት ብላችሁ ልጅ ይዛችሁ አትሂዱ። ከመስኮት፣ ከሰገነት፣ ከሠፈር ሜዳ ይበቃል። ቄራ አጠገብ የማትኖሩም ብትሆኑ ሰማይ አላችሁ፤ ለሩብ ሰዓት ቀና በሉ።

አሁን ያለንበት ችግር ሌላ ነው። ሚጣ «ማታ የት ነው የሚያድሩት?» ብላ ተነስታለች። እኔ አላውቅም፣ እማማም አታውቅም። ጋሼ ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ባሕር ዛፍ ላይ ሲወርዱ አይቻለሁ ይላሉ። ሚጣ በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ካርታ ስላለች፣ ወንዙን በሰማያዊ፣ ዛፉን በጥያቄ ምልክት። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስታችን እንሄዳለን። ቡቺም ይመጣል ተብሏል፣ በአዲስ ገመድ።